የትርንጎ ፊት በሁለት ሌንስ

ካሜራውን አስረክቤ ቤት ከዋልሁ ወዲህ የሰው ፊት እንደ ልቤ ማየት ጀምሬያለሁ። ድሮ ሰው ሲያናግረኝ የማየው ብርሃኑ በየት በኩል እንደመጣበት ነበር፤ ጥላው ከአፍንጫው ሥር ይወድቃል ወይስ ከጉንጩ ላይ፣ ግንባሩ ያበራል ወይስ ይደበዝዛል። የተናገረውን ሳልሰማ «እሺ» ብዬ የሸኘሁት ሰው ብዙ ነው፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። አሁን ጉልበቴ ቆሞ መዋልን እምቢ ብሎኛልና ፎቶ ቤቱን ተሰናብቻለሁ። ጧት ዳዊቴን ደግሜ ስጨርስ ከበራፌ እቀመጣለሁ፤ ወደ ገዳሪፍ ሱቅ የሚወርደው ሰው ሁሉ በፊቴ ያልፋል። ከጭብጥ የማይበልጥ የካሜራ መስታወት ያን ሁሉ ፊት እንዴት ቻለው እያልሁ የምደነቀው ገና አሁን ነው። በሥራ ላይ ሳሉ መደነቂያ ጊዜ የለም።

በድርቁ ዘመን ከአርማጭሆ ከአክስቴ ጋር ወደ ሱዳን ስሰደድ ኮረዳ ነበርሁ። መጀመሪያ ያገኘሁት ሥራ የሐጅ በሽርን ፎቶ ቤት ወለል መጥረግ ነው። ሐጅ በሽር የገዳሪፍ ተወላጅ፣ ረዥም፣ ጀለቢያቸው ሁልጊዜ የነጣ ሰው ነበሩ። ሴቶች ቶባቸውን፣ ከራስ እስከ እግር የሚጠመጠመውን ልብሳቸውን፣ ገለጥ አድርገው ወንድ ፊት መነሣት ያፍራሉና ካሜራ የምትይዝ ሴት ያስፈልጋቸው ነበር። አንድ ቀን «ያ ቢንቲ፣ መጥረጊያውን አስቀምጪና ወዲህ ነይ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ሹመቴ ይኸው ነበር። ስለ ደመወዙ ብዙ አልልም፤ አንዳንዴ በጊዜው ይመጣል፣ አንዳንዴ በሰሊጥ ይመጣል። ስለ መኖሪያ ፈቃዱ፣ ስለ ኢቃማውም አላወራም፤ የተሰለፈ ያውቀዋል።

የሐጅ በሽር ልማድ ግን ይወራል። ደንበኛ ሲገባ ካሜራውን አይነኩም። መጀመሪያ ውሃ ያቀርባሉ። ሰውየው ውሃውን ሲጠጣ፣ አንገቱን ቀና ሲያደርግ፣ ሲተነፍስ ያዩታል። «ጥም ያለበት ፊት ይዋሻል» ይሉ ነበር። ቀጥለው ከአሮጌ ጥምጥማቸው የቀደዱትን፣ ታጥቦ ታጥቦ እንደ ሕፃን ቆዳ የለሰለሰ ጨርቅ ያወጡና ሌንሱን ከመሐል ወደ ዳር እያዞሩ ይጠርጋሉ፤ በትንፋሽ አያረጥቡትም፣ በጣት አይነኩትም። በመጨረሻ አንዲት ጥያቄ አለቻቸው፦ «ፎቶው ለማን ነው?» ለመሥሪያ ቤት ነው? ለእጮኛ ነው? ለአገር ቤት ነው? ሌንስ የሚመርጡት ይኸን ከሰሙ በኋላ ነው። «ፊት አማና ነው» ይሉኛል፤ አደራ ነው ማለት ነው። «አደራ ደግሞ የሚሰጠው ለተቀባዩ ነው፤ ለአስቀማጩ ብቻ ብለሽ አትያዥው።»

ሁለት ሌንሶች ነበሯቸው። አንደኛውን «ቃዲው» ይሉታል፣ ዳኛው። ደረቅና ጥርት ያለ ነው፤ የቅንድብ ጠጉር አንድ በአንድ ያወጣል። ሁለተኛዋ «ሐቦባ» ናት፣ አያት ማለት ነው በሱዳኖቹ አነጋገር። ሐቦባ ከማን እጅ እንደመጣች አይታወቅም። የፊቷ መስታወት ተጭሯል፣ ሽፋኑ ሳስቷል፣ በዕድሜ ብዛት ወደ ቢጫ ወስዷታል። ዓይኗን፣ የብርሃን መግቢያዋን፣ ሙሉ ለሙሉ ከፍተው ካነሡባት ብርሃኑ ከፊት ላይ ፈሰስ ይላል፤ ከኋላ ያለው መብራት ሻማ በእንባ ውስጥ ሲያዩት የሚመስለውን ይመስላል። ሁለት እርከን ቢዘጓት ግን እሷም ትጠራለች፣ እንደ ማንኛውም ሌንስ ትሆናለች። ሐጅ በሽር «ቃዲው ያየውን ይናገራል፤ ሐቦባም ታያለች፣ ግን ትተዋለች» ይሉ ነበር።

መጀመሪያ ለብቻዬ የላኩኝ ወደ እርሻው አገር፣ ሀዋታ ነው፣ በአጨዳ ወራት። የቀን ሠራተኞች መታወቂያ ሊወጣላቸው ነበርና ቃዲውን ይዤ ሄድሁ። ከጭነት መኪና ጎን ነጭ አንሶላ ወጥረን፣ ወንዶቹ አቧራቸውን እያራገፉ ይቆማሉ። ጆሮው ያልታየ ፎቶ ከመሥሪያ ቤት ይመለስ ስለነበር «ቀና በል፣ ጥምጥሙን ገፋ አድርገው» ስል እውላለሁ። አንድ የቋራ ሰው ፎቶውን ስሰጠው ትክ ብሎ አየና መለሰልኝ።

«ይኸ የኔ አይደለም። የአባቴ ነው።»

«አባትህ እዚህ አለ?»

«ከሞተ ቆየ» አለ።

ለካ ሰውየው ከአገሩ ከወጣ ጀምሮ መስታወት አላየም። ከእርሻ እርሻ ሲዞር አርጅቷል፤ አባቱን የሆነው ሳያውቀው ነው። ፎቶውን መልሶ ከደረት ኪሱ ከተተና «በይ፣ እንኳን አገኘሁት» ብሎ ወደ ማጭዱ ሄደ። እኔ አማተብሁ። የጠራ መስታወት ሰውን ከአባቱ ሊያገናኝ እንደሚችል ያን ቀን አየሁ።

ቀጥሎ ከሰላ ነው የኖርሁ፣ በሠርግ ሥራ። ሙሽራ ለሴቶች ብቻ በምትታይበት ድግስ ላይ ወንድ ፎቶ አንሺ አይገባምና እኔ እፈለግ ነበር። እዚያ ንግሥቲቱ ሐቦባ ናት። የሂናው ጥቁረት፣ የወርቁ ብልጭታ፣ የቀይ ሐሩ ጥለት በሷ ሲያልፉ ሁሉም አንድ ላይ ይቀልጣሉ፤ ከመካከል የሙሽራዋ ዓይን ብቻ ጸንቶ ይቀራል። እናቶቹ ፎቶውን ሲያዩ እጃቸውን ከአፋቸው ይጭናሉ። አንዲቷ «ያ ሐበሻዊያ፣ ልጄን አንቺ ነሽ ያነሣሻት ወይስ መልአክ ረድቶሻል?» አለችኝ። «የሐበሻዋ ሌንስ» እየተባለ ይጠየቅ ጀመር። ሐቦባ አሳፍራኝ አታውቅም ነበር፤ ልቤም በሷ ላይ አደረ።

ሐጅ በሽር ካረፉ በኋላ ገዳሪፍ ተመለስሁ። ፎቶ ቤቱን የያዘችው ልጃቸው ኢንቲሳር ናት፣ ቀልደኛ፣ ቀጥ ያለች ልጅ። አዲሱን ሚረርለስ ካሜራ ያመጣችው እሷ ነች። ሆዱ ውስጥ መስታወት የለውም፤ ሲነሣ «ቻቅ» አይልም። ገና ሳይጫኑት ፎቶው ምን እንደሚመስል በመመልከቻ መስኮቱ ያሳያል፤ የሰውን ዓይን ራሱ ፈልጎ ይይዛል። አብሮት የመጣው ሌንስ የጥራቱ ነገር አይነገርም።

«ኻልቲ» አለችኝ፣ አክስቴ ማለቷ ነው፣ «ይኸ እኮ የጉንዳን ቅንድብ ያሳይሻል።»

«ጉንዳን ፎቶ ልትነሣ ከመጣች እጠራሻለሁ» አልኋት።

አዲሱን ሌንስ በአባቷ ቋንቋ ቃዲው አልነው። ሐቦባም አልተጣለችም። ኢንቲሳር ከአዲሱ ካሜራ ጋር የሚያገጥማት ቀለበት አስመጣች። አሮጌዋን ሌንስ ከአዲሱ አካል ላይ አዙሬ ገጠምኋት። በእጄ እያዞርሁ ሳጠራ፣ በመስኮቱ ውስጥ የጠራው ነገር ጠርዝ ላይ ቀይ መስመር ይበራል፤ ከቅንድብ ወደ ሽፋሽፍት፣ ከሽፋሽፍት ወደ ዓይን ብሌን እየተራመደ ይሄዳል። ስንቱን ዓመት በግምት የያዝሁትን ነገር በዓይኔ አየሁት። ተመስገን ብዬ ወንበር ላይ ተቀመጥሁ።

ከዚያ የካርቱም ጦርነት መጣ። ከተማችን በተፈናቃይ ሞላች። ትርንጎ ከነዚያ አንዷ ናት። ካርቱም ሰው ቤት ስትሠራ የኖረች፣ የአገሬ ልጅ፣ ከመተማ ወዲያ ካለ ገጠር የመጣች። ውሃ ልትቀዳ በወጣችበት የምትሠራበት ቤት ተመታ። ቀድማ የሸሸች ጓደኛዋ «ትርንጎ ከውስጥ ነበረች» ብላ ለአገር ቤት ነገረች። ትርንጎ መንገድ ላይ ብዙ ተንገላታ ገዳሪፍ ስትደርስ፣ እናቷ ለቅሶ ተቀምጠው፣ ተዝካሯን አውጥተው ነበር።

«በቁሜ ፍትሐት ተፈታልኝ፣ እትዬ» አለችኝ።

«ስልክ አልደወልሽም?»

«በጎረቤት ስልክ አገኘኋት። ከዚያ በፊት ሌባ ደውሎ 'ልጅሽ በእጃችን ናት፣ ብር ላኪ' ብሏት ኖሯል። እኔ 'እምዬ፣ ትርንጎ ነኝ' ስላት 'አንተ የሰው ሥጋ የምትበላ' ብላ ዘጋችው። ሁለተኛ ስልክ አልነካም ብላለች።»

ያ አገር ኢንተርኔት አልነበረውም፣ በምስል መነጋገር የለም። እሷ ራሷ እንዳትሄድ መንገዱ በዚያ ጊዜ ሴት ብቻዋን የምታልፈው አልነበረም። ይባስ ብሎ እናቷ ወይዘሮ ውዴ የልጃቸው ሙት ዓመት ሲወጣ ቤታቸውን ዘግተው፣ ቆብ ጭነው ገዳም ሊገቡ ቆርጠዋል። የትኛው ገዳም እንደሆነም ለማንም አልተናገሩም። ከዚያ በኋላ ማን ያገኛቸዋል? የቀረው መንገድ ፎቶ ነበር። በገላባት ድንበር በኩል ሽንኩርትና ጨው የሚያመላልስ አያ መልኬ የሚባል ነጋዴ አለ፤ ያን ገጠር ያውቀዋል፣ አደርሳለሁ ብሏል።

ትርንጎን አየኋት። ፀሐይ ፊቷን አንድዶታል፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። አንገቷ ላይ እናቷ ያስነቀሷት ንቅሳት አለ፤ ካርቱም ሳለች አፍራበት በመድኃኒት ልታጠፋው ሞክራ ግማሹ ጠባሳ ሆኖ ቀርቷል።

«አሳምሪኝ፣ እትዬ። እናቴ ይኸን ፊት ካየች ትደነግጣለች።»

ሐቦባን አነሣሁ። ኢንቲሳር ከኋላዬ ቆማ ነበር።

«አባቴ ቢሆን ለማን ነው ብሎ ይጠይቅሽ ነበር።»

«ጠይቄያለሁ። ለእናቷ ነው።»

«እንግዲያ ቃዲውን ግጠሚ። እናት የምትፈልገው ልጇን ነው።»

«እናት ስላልሆንሽ ነው እንዲህ የምትይ።»

«አንቺስ ስንት ወለድሽ?» አለችና ሳቀች። እውነቷን ነው፤ አልወለድሁም። ቢሆንም ሐሳቤን አልቀየርሁም።

ነጭ ነጠላ አለበስኋት፣ ጀርባዋን ለቤቱ መስኮት ሰጠኋት፣ የሐቦባን ዓይን እስከ መጨረሻው ከፈትሁ። ከሠራኋቸው ሁሉ ያን የሚያህል ፎቶ የለም። ቃጠሎው ጠፋ፣ ስንጥቁ ጠፋ፣ ጠባሳውም ንቅሳቱም በብርሃን ተዋጡ። ከነጠላው ጠርዝ ላይ ጭጋግ የመሰለ ጸዳል ተነሣ። ኢንቲሳር እንኳ «ማሻ አላህ» አለች። አትመን ለአያ መልኬ ሰጠነው።

አያ መልኬ ሲመለስ ፎቶ ቤቱ በር ላይ ቆሞ አልገባም። ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ያዞረዋል።

«አደረስህላቸው?» አልሁት።

«አደረስሁ።»

«እና?»

«እና ቤቱ ለቅሶ ሆነ።»

ወይዘሮ ውዴ ፎቶውን እንዳዩት ስመው ከሥዕለ አድኅኖው ሥር አስቀመጡት። ጎረቤቱ ተጠራ፣ እንደ አዲስ ደረት ተመታ። «የሱዳን ጓደኞቿ ለሙት ዓመቷ የሚሰቀል ፎቶ አሠርተው ላኩ» ተባለ።

«በሕይወት አለች፣ በዓይኔ አይቻታለሁ ብዬ ማልሁ» አለ አያ መልኬ። «'ስለ ጽድቅ ብለህ ነው የምትዋሸኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ' አለችኝ። ምን ልበላት? እንዲህ ያለ ፎቶ በኛ አገር የሚሠራ ለሞተ ሰው ነው።»

እውነቱን ነው። እዚህ ገዳሪፍ ያረፈውን የአገሬን ሰው ሁሉ፣ ከመታወቂያው ላይ አጉልቼ፣ ዳራውን አጥፍቼ፣ ፊቱን አለዝቤ፣ ራሱ ዙሪያ ብርሃን ጨምሬ ለቤተ ሰቡ የምልከው እኔ ነበርሁ። በዚያው በገላባት በር፣ ስንቱን ዓመት። በየጎጆው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የሙት መልክ ከኔ እጅ የወጣ ነው። ከድንበር ማዶ ላለው ሰው የለዘበ ፊት ማለት ያረፈ ሰው ፊት ማለት ሆኗል፤ ያስተማርሁት እኔ ነኝ። ትርንጎንም በዚያው መልክ ላክኋት።

ስነግራት አላለቀሰችም። «ሁለት ጊዜ ቀበረችኝ» ብቻ አለች።

አያ መልኬ ዝናቡ መንገዱን ሳይቆርጠው አንድ ጊዜ ሊሻገር ነበር። ከዚያ በኋላ እስኪደርቅ መጠበቅ ነው፤ ሙት ዓመቷ ደግሞ በክረምቱ መካከል ይውላል። የመጨረሻዋ ዕድል ያች ጉዞ ነበረች። ያን ጧት ውዳሴ ማርያምን ደግሜ፣ የምቀመጥበትን ወንበር ሳይቀር ወለውዬ ትርንጎን ጠበቅኋት። ዕቃ ከምታጥብበት ምግብ ቤት በረክሻ፣ በባጃጅ ማለት ነው፣ መጣች፤ አንድ ጉንጯ አብጧል።

«ዛሬ ይቅር፣ እትዬ። ቢምቢ ተጫውታብኝ አደረች። እዪው።»

«ማዓሌሽ፣ ግድ የለም» አለች ኢንቲሳር፣ «በኮምፒውተር አጠፋልሻለሁ።»

«አታጠፊውም» አልሁ።

ውሃ ሰጠኋት። ነጭ ነጠላ የለም፣ የምትሠራበትን ቀሚሷን እንደለበሰች በር ላይ፣ በቀን ብርሃን አስቀመጥኋት። ቃዲውን ገጠምሁ። ፊቷን በካሜራው መስኮት አጉልቼ አየሁት። ይኸን ሁሉ ዘመን ስሠራ ፊት ያየሁ መስሎኝ ነበር። የቆዳዋ ቀዳዳ ሁሉ የየራሱ ጥላ ነበረው። የከንፈሯ ስንጥቅ እንደ ደረቀ የገዳሪፍ ጥቁር አፈር መንገድ መንገድ ሠርቷል። ከጠባሳው ሥር የእናቷ ንቅሳት ከተወጋበት ጥልቀት ሰማያዊ ሆኖ ብቅ ይላል። ጠጉርን የሚቆጥር አምላክ በየቀኑ የሚያየን እንዲህ ከሆነ፣ እንዲህ አይቶን ከታገሠን፣ እኔ ማን ሆኜ ነው የማለዝበው ብዬ ፈራሁ።

ትርንጎ ግን እንደ ሐውልት ደረቀች። እጇ ከጉልበቷ፣ ዓይኗ ከሌንሱ።

«እንደ ሙት አትቀመጪ» አለቻት ኢንቲሳር።

«እንዴት ልቀመጥ ታዲያ?»

«እኔ ምናውቄ፣ ሞቼ አላውቅም።»

ትርንጎ ፈገግ ልትል ስትል ጉንጯ በላት። እጇን ሰደደችና፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና፣ አፏን አጣማ፣ በብስጭት አከከችው። ተጫንሁ። ካሜራው ድምፅ የለውምና አላወቀችም።

«አነሣሽኝ እንዴ?»

«አነሣሁሽ።»

«ኧረ እያከክሁ ነበር።»

«አዎን።»

ኢንቲሳር ፎቶውን አየችና አንገቷን ነቀነቀች። «ኻልቲ፣ ስማችን እኮ ከኋላው ይታተማል። ሰው ይስቅብናል።»

«ይሳቅብን» አልሁ። አያ መልኬ ፎቶውን ከሸሚዙ ሥር አድርጎ ሄደ። በሳምንቱ ሰማዩ ተቀደደ፣ መንገዱም ተዘጋ።

ያን ክረምት ያሳለፍነውን እግዚአብሔር ያውቃል። ትርንጎ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ አጠገቤ ትሄዳለች፤ እኔም አልጠይቃትም፣ እሷም አትጠይቀኝም። የሙት ዓመቷ ቀን ሥራ ሄደች፣ ዕቃ አጠበች፣ ማታ መጥታ ከኔ ዘንድ አደረች። እህል አልቀመሰችም።

ጭቃው ሲደርቅ አያ መልኬ መጣ። ትርንጎ ፎቶ ቤቱ ውስጥ ነበረች። ዛሬ ገባ፣ ተቀመጠ፣ ውሃውን ጭልጥ አድርጎ ጠጣ።

«ሴትዮዋ ተቀበለችኝ» አለ። «ፎቶውን አልሳመችውም። ወደ በራፉ ወጥታ ከፀሐይ ያዘችው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሊያለቅሱ ተሰናድተዋል። 'ዝም በሉ' አለቻቸው። ብዙ አየችው። ከዚያ ተቆጣች።»

«ማንን?» አልሁ።

«ይችን ነዋ» አለ፣ በአገጩ ወደ ትርንጎ እያመለከተ። «በሰው ፊት ተቆጣቻት። ከልጅነቷ ጀምሮ ነገሬን አትሰማም ብላ፣ ፎቶውን በጣቷ መታ መታ አደረገችው። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩና ነጠላቸውን መለሱ። ሙትን የሚቆጣ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ገዳሙስ?» አልሁ።

«'ልጄ መጥታ ትሸኘኛለች፣ እስከዚያ ምን ያጣድፈኛል' አለች። ቤቱን ልትዘጋ መርጋው የነበረውን የጓዳ በር ከፍታለች፤ ስወጣ ጥቁሩን ልብሷን አጥባ አጥር ላይ አስጥታው አየሁ።»

ትርንጎ ግድግዳውን ይዛ ቆማለች። «ለኔስ ምን አለች?» አለች በቀስታ።

«'አትከኪው፣ ይመግላል፣ በላት' ነው ያለችኝ። ሌላ መልእክት የለኝም።»

የትርንጎ እጅ ወደ ጉንጯ ሄደ። እብጠቱ ከጠፋ አንድ ክረምት አልፏል። እጇን ግን መልሳ አወረደችው።

«እሺ፣ እምዬ» አለች።